የፉንጋዋ መነጽር

የፊልም ቀረጻው ሰዎች እትዬ ፓውደር ይሏታል። ተዋንያንን ሜካፕ የምትቀባ ሴት ናት። ሰው ሁሉ ሥራዋ ማስዋብ ብቻ ይመስለዋል፤ የሷ ፈተና ግን ቆንጆን ፉንጋ ማድረግ ነው። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል፤ ፊልም ላይ ደግሞ መልከ መልካሟን በሹራብ ይቀብሯታል።

ሰሞኑን የደረሰቻት ተዋናይ በምንም አልበገር አለች። ታሪኩ «ማንም ዞር ብሎ የማያያት ሴት» ይላል። እትዬ ፓውደር የልጅቷን ጸጉር አንጨባረረች፣ ቅንድቧን አወፈረች፣ የሰፋ ሹራብ አጠለቀችላት። ልጅቷ ከመስታወቱ ዞር ስትል መብራት የያዘው ሰውዬ መብራቱን ረስቶ እሷን ያያል።

ዳይሬክተሩ ራሱን አከክ አከክ አደረገና የእትዬ ፓውደርን መነጽር ከአፍንጫዋ ላይ አንስቶ ለልጅቷ ሰካላት።

«በቃ፣ አሁን ፉንጋ ሆነች። መጨረሻ ላይ ስታወልቀው አፍቃሪዋ ክው ብሎ ይቀራል።»

ሁሉም አጨበጨበ። እትዬ ፓውደርም አብራ ሳቀች። ግን ያን መነጽር በሠርጓም ቀን አላወለቀችውም። ታዲያ ባሌ ይህን ሁሉ ዘመን እስካወልቀው እየጠበቀ ይሆን? ይህ ሐሳብ አልለቃት ብሎ፣ በዳበሳ የአንዱን ተዋናይ ጺም ፓውደር ስትቀባ ዋለች።

ሥራ ሲያበቃ መነጽሩን ሆን ብላ ልጅቷ ዘንድ ትታ፣ ከንፈሯን ቀባ ቀባ አድርጋ ወጣች። ባሏ የቡድኑ ሹፌር ነው፤ ሚኒባሱ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃታል። እሷም ቀስ እያለች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ እየመለሰች፣ በቀጥታ ወደ በሩ ጥበቃ ሄደች።

«እንዴት ነኝ?» አለችው።

«አምሮብዎታል እትዬ» አለ ጥበቃው። «ባለቤትዎ ግን በወዲያ በኩል ናቸው።»

ባልየው ሳቁን እየዋጠ መጥቶ ክንዷን ያዘ።

«መነጽርሽን ምን በላው?»

«አውልቄው ነው። አላማርኩም?»

ፊቷን አየት አደረገ።

«ታምሪያለሽ። ግን አታዪኝም እኮ። ሁሌ ስትወጪ ከሩቅ አይተሽኝ ፈገግ ትያለሽ፤ ዛሬ እሱ ቀረብኝ።»

እትዬ ፓውደር ደስ አላት፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ልጅቷ ዘንድ እንደተወችው ስትነግረው ባልየው ገብቶ መነጽሩን ተቀበለና በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ አደረገላት።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ የፉንጋዋ መነጽር የት ገባ ብሎ ጠየቀ። እትዬ ፓውደር ቀና እንኳ አላለችም፤ ብሩሿን እያራገፈች ነበር።

«ይሄኛው የሚያምርብኝ ነው» አለችው። «ለልጅቷ ሌላ ፉንጋ የሚያደርግ ነገር ፈልጉላት።»