እትዬ ብዙነሽ ያመጡት ቀይ አውራ ዶሮ

የዶሮ ክንፍ በድንገት ሲርገፈገፍ ስሰማ እስከ ዛሬ ባቴ ይኮማተራል። ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ከምንኖርበት ግቢ አጥር ማዶ አንድ አውራ ዶሮ ክንፉን ሲያራግፍ ሰምቼ፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴትዮ፣ የያዝኩትን ሳፋ እንደ ጋሻ ከፊቴ ደቅኜ ቆምኩ።

ይህን ያስለመደኝ ዶሮ ቤታችን የገባው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ መስከረም ላይ ነበር። ያመጡት የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱባቸው ጣርማ በር ያለውን ቤታቸውን ዘግተው፣ አንድ የልብስ ሻንጣና ሟቹ ያሳደጉትን ቀይ አውራ ዶሮ ይዘው እኛ ዘንድ ሊኖሩ መጡ። እናቴ ጓሮ ውስጥ አምስት ዶሮዎች ስለነበሯት አውራውን ስታይ ቅር አላላትም፤ እትዬን ስታይ ግን ፊቷ ጠቆረ። ሁለቱ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አይዋደዱም ነበር። እናቴ የሠራችውን ወጥ እትዬ ሳይቀምሱ ጨው ይጨምሩበት ነበር፣ እትዬ የጠረጉትን ቤት እናቴ እያዩዋት እንደገና ትጠርገው ነበር።

የእኔ አልጋ ለእትዬ ተሰጥቶ እኔ ከትንሿ እህቴ ከማርታ ጋር ወለል ላይ መተኛት ጀመርኩ። ጠላኋቸው። እሳቸውን ምንም ማድረግ ስለማልችል በዶሯቸው ላይ ተወጣሁት። ጓሮው አመዳይ ለብሶ በሚያነጋበት በኅዳርና በታኅሣሥ ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ፣ ሰው አለመኖሩን አይቼ በእንጨት እወጋው፣ ጠጠር እወረውርበትና ሲቆጣ ሮጬ እገባ ነበር። መጀመሪያ ይሸሽ ነበር፤ ቆይቶ መሸሹን ተወ።

ጥር ሲገባ ወደ ጓሮ የወጣ ሁሉ ጠላቱ ሆነ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ላባውን ነፍቶ እየተንደረደረ ከእግሩ ኋላ ባለው ሹል ጥፍር ይራገጥ ነበር። እናቴ እንቁላል ለመሰብሰብ መጥረጊያ ይዛ ትወጣ ጀመር። አባቴ ሹሉን በሞረድ አሳጠረለት፣ እግሩንም በገመድ አሰረው፤ ከታሰረ ወዲህ ግን ጭራሽ ባሰበት። የማይነካው እትዬን ብቻ ነበር። ብብታቸው ሥር ሸጉጠውት ፀሐይ ሲሞቁ ዓይኑን ይጨፍን ነበር፣ እናቴን ከሁሉ በላይ የሚያበግናትም ይኸው ነበር።

«ይታረድ» ትለው ነበር አባቴን።

«እሱን ያረደ እኔን ውጪ አለኝ ማለት ነው» ይሉ ነበር እትዬ ከጓዳ።

አባቴ ሥራ ሰዓት ደረሰ ብሎ ኮቱን አንስቶ ይወጣ ነበር።

ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ፣ እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለ፣ እንደ ልማዴ ጓሮ ገብቼ ዶሮውን መውጋት ጀመርኩ። ማርታ ተከትላኝ መምጣቷን አላየሁም። ዶሮው ገመዱን በጥሶ ሲነሳ እኔ ሮጥኩ፣ የሦስት ዓመቷ እህቴ ግን ከኋላዬ ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ ተከመረባት። እትዬ በባዶ እግራቸው ደርሰው ሲያላቅቁት ጉንጯ ከዓይኗ ሥር ጀምሮ ተተርትሯል። ጤና ጣቢያ ተሰፋላት፤ የሰፋት ሐኪም ትንሽ ከፍ ቢል ዓይኗን ያጠፋው እንደነበር ነገረን።

ከገበያ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጣ የመጣችው እናቴ፣ ቤት ስንመለስ እትዬ ፊት ቆመች። «እትዬ፣ ጾም ባይሆን ዛሬውኑ አሳርደው ነበር። ለፋሲካ ይታረዳል። ልብዎ ከፈቀደ እርስዎም ይበሉ» አለች፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ።

እትዬ ወደ እኔ ተመለከቱ።

«ይታረድ» አሉ።

በማግሥቱ ጓሮ ብቻዬን አገኙኝ። ዶሮው ድንጋይ የተጫነበት ትልቅ ቅርጫት ሥር ነበር።

«እንጨትሽን ስንት ቀን አይቼዋለሁ» አሉኝ። «እስኪበቃሽ ብዬ ዝም አልኩ። ያ የእኔ ጥፋት ነው።»

«ታዲያ ለእናቴ ለምን አልነገሩብኝም?»

«ብታምነኝ አንቺን ትጠላለች። እኔን መጥላቱን ለምዳዋለች።»

ላመሰግናቸው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ምስጢሬን ስለያዙብኝ ይበልጥ ጠላኋቸው፣ ጾሙ እስኪፈታም ዓይናቸውን አላየሁም። ለፋሲካ አባቴ አረደው። እትዬ ከማዕዱ ቀርበው ደረቅ እንጀራ ቆረሱ፣ ወጡን አልነኩም። በሳምንቱ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ጣርማ በር ተመለሱ፤ ደጅ ድረስ የሸኛቸው አባቴ ብቻ ነበር። እናቴ አንሶላውን የዚያኑ ቀን አጥባ አልጋዬን መለሰችልኝ።

እትዬ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ማርታ አሁን የልጆች እናት ናት፤ ጠባሳዋን ሲጠይቋት ታሪኩን እያሳቀች ታወራለች፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እናቴ በእርጅናዋ የብዙ ሰው በደል ይቅር ብላለች፤ የእትዬ ስም ሲነሳ ግን ከንፈሯን ትነክሳለች፣ «ያቺ ሴትዮ ከነዶሮዋ» ትላለች። ያኔ ዝም ያልኩት ቅጣት ፈርቼ ነበር። ዛሬ የሚቀጣኝ የለም፤ ዝም ማለቴን ግን አልተውኩም።