የጳጉሜ ስድስቷ ልጅ

አብዱልባሲጥ አዘዞ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የኮምፒውተር ፕሮግራም እየጻፈ የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነው። የሚጽፍበት ቋንቋ ጥብቅ ነው፤ ከውጭ የመጣን ነገር በሩ ላይ ሳይፈትሽ አያስገባም። አባቱ ቡሽራም እንዲሁ ነበሩ፤ የሰሊጥ ጆንያ አስፈትተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሳይከቱ ወደ መጋዘን አያሳልፉም ነበር።

ከዳባት ወጣ ብላ ባለች ጤና ኬላ ለምትሠራው ለይመኙሽ የሕፃናት ክትባት መመዝገቢያ ሠርቶላት ነበር። እዚያ ደጋ ላይ ኢንተርኔት የለም። ስለዚህ የልጆቹ ስም፣ የልደት ቀንና ክትባት እዚያው ላፕቶፑ ብራውዘር ውስጥ፣ በአንድ ረጅም የጽሑፍ መስመር ይቀመጣል። ገጹ ሲከፈት መስመሩ በሩ ላይ ተፈትሾ፣ ዝርዝር ሆኖ ይወጣል።

መስከረም ሦስት ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«አብዱ፣ ምነው ልጆቼን ወሰድክብኝ?» አለች ይመኙሽ።

«የምን ልጆች?»

«መቶ አርባ ሦስቱን ነዋ! ገጹን ብከፍተው ባዶ። የወረቀቱን መዝገብ እንደሁ የክረምቱ ፍሳሽ አበስብሶታል። አሁን አንዲት እናት ልጇን ልታስከትብ መጥታለች፤ እስኪ እሱን ልመዝግብና...»

«እንዳትነኪው እቴ!»

ጮሆ አያውቅም ነበር። በዚያ ባዶ ገጽ አንድ ልጅ ብቻ ቢመዘገብ፣ ፕሮግራሙ የአንዱን ልጅ ዝርዝር በመቶ አርባ ሦስቱ ላይ ይጽፍባቸዋል። ከዚያ በኋላ ጤና ኬላዋ ውስጥ ማን እንደተከተበ፣ ማን እንደቀረው የሚናገር ነገር አይኖርም።

ወደ ዳባት በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ነገር ትዝ አለው። ያንን ፕሮግራም ሲጽፍ ቋንቋው አስቁሞ ጠይቆት ነበር፤ ፍተሻው ባይሳካስ? ካልመለሰለት ወደፊት አልሄድም ብሎ ነበር። እሱም ሰልችቶት «ባዶ ዝርዝር አሳይ» ብሎ አለፈው።

ከዳባት በእግሩ ገስግሶ ሲደርስ እናትየው ልጇን አስከትባ፣ ካርዱን ለመውሰድ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ላፕቶፑን ከፈተ። የብራውዘሩን ማስቀመጫ ገልጦ አየ።

መስመሩ አለ። አንዲት ፊደል አልጎደለችበትም። ስም ከስም፣ ቀን ከቀን ተያይዞ እስከ ጥግ ድረስ ይሄዳል። አብዱልባሲጥ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ መስመር አይቷል፤ እንዲህ ልጆች ተደርድረው የተኙበት ግን አይቶ አያውቅም።

ይመኙሽ በትከሻው ላይ አጎንብሳ እስከ መጨረሻው አነበበች። «የሸዋአየሁ ልጅ፣ ሴት፣ ጳጉሜ ስድስት። ይቺማ የሰሞኗ ናት።»

«ስድስት?» አለ። «እኔ በሩን ጳጉሜ ከአምስት አያልፍም ብየዋለሁ።»

«ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ እንደነበር ረሳኸው?» ሳቋ አመለጣት። «ምስኪን! ልደቷ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚደርሳት፣ አንተ ደግሞ እሱንም ልትከለክላት!»

በአንዲት ልጅ ምክንያት መቶ አርባ ሁለቱም ደጅ ቀርተው ነበር። አምስቱን በዘመነ ሉቃስ ስድስት አደረገው። ባዶ ዝርዝር የሚለውን ደምስሶ፣ «የተቀመጠው አልተነበበም፤ ምንም አትመዝግቡ» የሚል ጻፈበት። ገጹን ደግሞ ሲከፍተው ስሞቹ ከላይ እስከ ታች ግጥም ብለው ወጡ።

ይመኙሽ ግን ገና አላመነችም። «አንብብልኝ፤ እኔ አላይም» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«መልካሙ አላምረው።»

«ከወንዙ ማዶ። ሁለተኛውን ተከትቧል፣ ሦስተኛው ይቀረዋል።»

አየ፤ ልክ ነው።

«ሶሊያና ኃይለ ማርያም።»

«ሸጋ ልጅ፤ ስትወጋ አታለቅስም። ጨርሳለች።»

ይኸም ልክ ነው። እሱ ከመስመሩ ያነባል፣ እሷ ቤታቸውን፣ እናታቸውንና የክትባታቸውን ቀን ትመልሳለች። ሃያ፣ ሠላሳ፣ ስልሳ ስም አለፈ። አንድም አልሳተችም። ድምፁ እየቀነሰ ሄደ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደሚያነብ ሰው ሆነ። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ ይመኙሽ ደጃፉ ላይ የተቀመጠችውን እናት ጠራቻትና ልጁን መቶ አርባ አራተኛ አድርጋ መዘገበችው።