የማይለበልበው ሳማ

የአባቴን እህት አዳዳ እላት ነበር። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ አዳዳ አንድን ነገር በእጇ ሳትነካ ክፉ ነው ብላ አታውቅም።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር የመቃብር ቦታችንን ጫካ ልንመነጥር ሄድን። ከዛፎቹ ሥር ሳማው ወገብ ደርሷል። ማጭዴን ሳነሳ አዳዳ መጣችና ነጭ አበባ ካወጣው ሳማ መካከል ባዶ እጇን ከተተች። ደነገጥኩ።

«ይሄ አይለበልብም» አለችኝ። «ቅጠሉ ነው ሳማ የሚመስለው። የጫካ አበባ ነው፤ ንብ ይቀስመዋል።»

«በምን ልለየው?»

«ንካው። ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ። ሳማ ቢለበልብህ ይበርድልሃል፤ ሳታውቅ ያጠፋኸው ግን አይመለስም።»

ፈራ ተባ እያልኩ ነካሁት። ለስላሳ ነበር።

ባለፈው መስከረም አዳዳ ሞተች፤ አላህ ይማራት። መቃብሯን ሊቆፍሩ የመጡት ጎረምሶች ቦታውን ሲመነጥሩ ቅጠሉን በእጃቸው እየዳበሱ ሳማውን አጨዱ፤ አበባውን ማንም ሳያዛቸው ተዉት። ትምህርቷ እንዳልጠፋ ያን ቀን አረጋገጥኩ።

ከቀብር መልስ ይህንኑ ልነግራት ወደ ቤቷ ገሰገስኩ። የቀበርነው እሷን መሆኑ የገባኝ ደጃፏ ላይ ስደርስ ነው።