የስለት ካርዶች

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት በልብ ወለድ ገፀ ባሕርያት የሚሳሉትን ስለት ነበር። ካዛንቺስ ቤታችን ተቀምጬ ከየመጽሐፉ ያገኘሁትን በካርድ እየጻፍኩ፣ የተፈጸመ፣ የተካደና ጊዜው ያልደረሰ ብዬ በሦስት ከፍዬ በጫማ ካርቶን አስቀመጥኩ። አከፋፈሉ ለእውነተኛ ሰው ይሠራ እንደሆን ልሞክር ብዬ የራሴንም ስለት ጨመርኩበት፦ «ቂርቆስ እናቴን ከማረልኝ እመነኩሳለሁ።» እናቴ ድናለች። የምጦራት ግን እኔ ብቻ ስለነበርኩ ካርዷን ከሦስተኛው ክፍል አደረግኋት።

ይህን ያወራሁት ለአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ብቻ ነው። አንድ ቀን ኦሎምፒያ ሰፈር ከታክሲ ስንወርድ «በቃ እስከ ሰኞ አውሺኝ፣ አከፋፈሉን ልየው» ብላ ካርቶኑን ወሰደች።

ሰኞ የጽሑፏን ንድፍ ስታቀርብ ሦስቱን ክፍሎቼን ከነስማቸው ሰሌዳው ላይ ጻፈቻቸው። አንገቴን ደፍቼ ቻልኩት። ቀጥላ የእኔን ካርድ አነበበች።

«ከየትኛው መጽሐፍ ነው?» አሉ መምህራችን።

«ማለቴ... ርእሱን ረሳሁት። ግን ከተካደው ነው የሚመደበው። ልጅቷ እናቷ ከዳነች በኋላ ጂንስ ለብሳ ነው የምትዞረው።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«አልተካደም፤ ጊዜው አልደረሰም።»

«አንቺ መጽሐፉን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ መምህሩ። ሁሉም ዞረው ጂንሴን አዩ።

ይህን የምጽፈው እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ከገባሁበት ሩቅ ገዳም ነው። ጓደኛዬን ስለ ጽሑፉ ይቅር ብያታለሁ። የስለቴን ካርድ ግን አልመለሰችልኝም፤ እሷ ዘንድ ዛሬም ከተካደው ክፍል ናት።