የአባባ ቢጫ ጀሪካን

ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ልጄ "ማሚ፣ አጥፊው ፕሊዝ!" አለችኝ። እኔ ግን ፉጨቱን ስሰማ በልጅነቴ የኖርንበት የፈረንጅ አገር ጎዳና፣ ሃቫና ስትሪት ደርሻለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በአባባ መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጫለሁ።

ከፊታችን ጋሪ የመሰለ የጥንት መኪና በእንፋሎት ተሸፍኖ ቆሟል። አባባ "ራዲያተሩ ፈልቷል!" ብሎ ፓርክ አደረገና ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ሮጠ። ድሮ አዲስ አበባ ታክሲ ሲነዳ ያለ ውሃ ወጥቶ አያውቅም፤ ልማዱ እዚህም አልለቀቀውም። "እዚህ አገር ውሃ ጭኖ የሚዞር ማን አለ?" እያለች እማዬ ቤት ውስጥ ሁሌ ትስቅበታለች። ያን ቀን እኔም አፍሬ "ዳድ፣ ፕሊዝ!" ብዬ ወንበር ስር ልገባ ደረስኩ።

የመኪናው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ጀሪካኑን ሲያዩ በደስታ ጮኹ። መኪናው ለካ የሚሄደው በእንፋሎት ነው! የጥንት ሠሪዎቹ በየመንገዱ ውሃ የሚሞላበት የፈረስ ማጠጫ ገንዳ አይጠፋም ብለው ተማምነው ነበር፤ ሃቫና ላይ ግን ከጎማ ቤት በቀር ምን አለ? ውሃው ሊያልቅ ምንም አልቀረው፤ ውሃውን የሚያፈላው ቦይለር ከደረቀ ደግሞ ይቃጠላል።

አባባ ጀሪካኑን አሟጦ ገለበጠላቸው። እሳቸውም ሁለታችንንም አጠገባቸው አስቀመጡን፤ መኪናው ያለ ሞተር ድምፅ እየተነፈሰ ተንቀሳቀሰ። ሰዉ ክላክስ ያደርጋል፣ በተጣጣፊ ስልኩ ፎቶ ያነሳናል። አባባ ባዶ ጀሪካኑን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ "የእኛ ሲፈላ ይቆማል፣ የሳቸው ሲፈላ ይሄዳል!" እያለ በሳቅ ይፈርሳል። ቀልዱ ያኔ በግማሽ ነው የገባኝ።

"ማሚ!" አለች ልጄ እንደገና፤ ማንቆርቆሪያው አሁንም እያፏጨ ነው።

"ቆይ" አልኳት፣ "ትንሽ ይሂድ።"