በቁልፍ የተጫረው ግድግዳ

ሥራዋ የሰው ቤት ውስጡን ማስተካከል ነው። ወገብ የሚያሳምመውን ወንበር ታስወጣለች፣ የሚያንሸራትተውን ወለል ታስቀይራለች፣ ፀሐይ ለማያገኘው መኝታ ቤት መስኮት ታስከፍታለች። ሜትር ከእጇ ስለማይለይ ቤተሰቡ «ሜትሪት» ይላታል። የስንቱን ቤት ስታሳምር ኖራ የእናቷን የነካችው ግን ታላቅ ወንድሟ ቁርጡን ከነገራት በኋላ ነው።

«እማዬ በረንዳው ላይ አንዴ ወድቃለች። ከደገማት እኔ ጋ፣ አራተኛ ፎቅ ትገባለች። አለቀ!»

እናታቸው ይህን ስትሰማ ምግብ አልበላ አላት። ከራሷ ቤት ከምትወጣ ብትሞት ትመርጣለች።

ሜትሪት ቀለም ቀቢ ይዛ መጣች። ከመኝታ ቤት ወደ ማድቤት የሚወስደው ኮሪደር ግድግዳው ተጫጭሮ፣ ተቦርቡሮ ዓይን ያስጠላል። «ይሄን ጉድ ድፈንልኝ» አለችው። ቀቢውም እስኪመሽ ድረስ ስቱኮውን ለቅልቆ ግማሹን እንደ እንቁላል አለሰለሰው።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ ከመኝታ ቤት ወጣች። እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፤ ወደ ላይ ዳበሰች፣ ወደ ታች ዳበሰች። ከዚያ በገዛ ቤቷ፣ ያ ሁሉ ብርሃን እያለ፣ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ቤቴን ማን ወሰደው?» አለች።

ሜትሪት ክው አለች። እናቷ አታይም!

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እማዬ?»

«ቀስ በቀስ ነው የከዳኝ። ብናገር ወንድምሽ አንጠልጥሎ ይወስደኛል ብዬ አፌን ያዝኩ። ጨርሶ ሳይጨልምብኝ በፊት በበሩ ቁልፍ ምልክት አደረግሁ። አንድ ጭረት መታጠፊያ ነው፤ ሁለት ጭረት ደረጃ። ክቡ ጉድጓድ ምድጃው ደርሷል፣ እጅሽን ሰብስቢ ነው። በረንዳውን ግን ሳልጨርሰው ጨለማው ቀደመኝ።»

ሜትሪት ስቱኮው ወዳልደረሰበት ግድግዳ ሄደች። ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ተከተለችው። ሁለት ጭረት አገኘች፤ እግሯን አነሳች፤ ደረጃው እዚያው ነበር። እናቷ ማንንም ሳትጠራ፣ ዓይኗ እየሄደ፣ ቤቱን ለእጇ እንደገና ሠርታዋለች። እንዲህ ያለ ሥራ ሜትሪት በሕይወቷ አላየችም። ሜትሩን ኪሷ ከታ አለቀሰች።

ከዚያ አናጢ ጠራች። ከመኝታ ቤቱ እስከ በረንዳው ጫፍ ለእጅ የሚመች የእንጨት መደገፊያ ተሠራ፤ እናቷ «እዚህ ጋ» እያለች ስታሳይ፣ አናጢው ምልክቶቹን በመሮ ቀረጸላት።

ወንድምየው ሲመጣ እናቱ ራሷ እውነቱን ነገረችው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«እንግዲያማ ዛሬውኑ ነው የምትሄጂው!»

«መጀመሪያ ተከተለኝ» አለችውና መደገፊያውን ያዘች።

ብትወድቅ ሊቀልባት ሁለት እጁን ዘርግቶ ከኋላዋ ተከተለ። እናቱ በእርጋታ ትሄዳለች፣ ትታጠፋለች፤ ጣቷ ሁለቱ ጭረቶች ላይ ሲደርስ እግሯን አንስታ ደረጃውን አለፈች። እሱ ዓይኑን ከእሷ ላይ መንቀል አቅቶት ነበርና ደረጃው አደናቅፎት በግንባሩ ከመደፋት ለጥቂት ተረፈ።

እናቱ ዘወር አለች።

«እኔን! ተጎዳህ እንዴ?» አለችና እጇን ዘረጋችለት። «እኔ ጋ ብትገባ ይሻልሃል፣ ልጄ። እዚያ ፎቅ ላይ ብቻህን ሆነህ እንዳትወድቅብኝ።»