ድልድዩ ይቅደም

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ አብነት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ስመጣ፣ ልደታን ሳናልፍ መንገዱ ለጥገና ተቆፍሮ ቆምን። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት በመስኮቱ አየት አድርጋ፣ "የሀብታም ሰፈር ቢሆን ድሮ ያልቅ ነበር። አይደል እናቴ?" አለችኝ። ከኋላችን ያለ ጎልማሳ ቀበል አድርጎ፣ "በጀቱ ለማን እንደሚሄድ በምን ይታወቃል" አለ። እኔ በጀት ሲከፋፈል አንድ ወቅት እዚያው ጠረጴዛ ዳር ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ሐሳቤ ወደዚያ ሄደ።

ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። እዚሁ ልደታ፣ ለገጠር መንገዶች ገንዘብ የሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ውስጥ ጀማሪ መሐንዲስ ነበርኩ። ቢሯችን የመጨረሻው ፎቅ ላይ ስለነበር ሰኔ ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል፤ ከካርታዎቹ መሀል ባልዲ አስቀምጠን እንሠራለን። አለቃችን አቶ ታፈሰ ጠብ የማይወዱ፣ ሻያቸውን በስኳር ብዛት ማር የሚያስመስሉ ሰው ነበሩ።

በዚያ ሰኔ፣ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ለሁለት ወረዳዎች የሚሆን ገንዘብ ተፈቀደልን። የሁለቱንም ሥራ ለመጨረስ ግን አይበቃም። የደጋው ወረዳ ጠጠሩ ተደፍቶ በሮለር ሳይዳመጥ የቀረ መንገድ አለው፤ ክረምቱ ጠርጎ ሊወስድበት ነው። የቆላው ወረዳ ደግሞ ድልድይ የሌለው ወንዝ አለበት። የበጀት ዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል፤ ሁለቱ እስከዚያ ካልተስማሙ ገንዘቡ ተመላሽ ነው።

የደጋው ተወካይ አቶ ድንቁ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ረጅም ሰው ናቸው። የቆላዋ ተወካይ ወይዘሮ አበበች የቀድሞ አስተማሪ ናቸው፤ ዝግ ባለ ድምፅ ነው የሚናገሩት። አቶ ታፈሰ ለሰላም ብለው፣ "እኩል ይካፈል" አሉ።

"ግማሽ ድልድይ ማንን ያሻግራል?" አሉ ወይዘሮ አበበች።

"ግማሽ መንገድስ የት ያደርሳል?" አሉ አቶ ድንቁ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ክርክሩ መሀል እኔ ሳላስበው፣ "ሄደን ብናየውስ?" አልኩ። አቶ ታፈሰ ሌላ መላ ስላልነበራቸው መኪና አዘዙ።

መጀመሪያ ወደ ደጋው ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወይዘሮ አበበች ከመኪናው ወርደው፣ ጎርፍ የቦረቦረውን መንገድ በጭቃው ውስጥ ሄደው አዩት። መንገድ ዳር ከአንዲት ሴት ትኩስ ቅቅል ድንች ገዝተን በሚጥሚጣ በላን። በማግስቱ ወደ ቆላው ስንወርድ ወንዙ ደፍርሶ፣ ሞልቶ ጠበቀን። ከማዶ ሰዎች ቃሬዛ መሬት ላይ አስቀምጠው ቆመዋል።

"ምጥ የያዛት ናት። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ወዲህ ነው" አሉ ወይዘሮ አበበች።

ውሃው እስኪጎድል ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ስለ በጀት ያነሳ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ጎደል ሲል፣ ከወዲያና ከወዲህ ገመድ ተዘረጋ። አቶ ድንቁ ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

"ምን ሊያደርጉ ነው?" አልኳቸው።

"ቁመት የተሰጠኝ ለምን ሆነና" ብለው ገቡ።

ማዶ ደርሰው፣ ከአገሩ ጎረምሶች ጋር ቃሬዛውን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ እኛ ተመለሱ። ሴትየዋ ነጠላዋን ነክሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር። በእኛ መኪና ጤና ጣቢያ አደረስናት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነርሷ ብቅ ብላ፣ "እናትም ልጅም ደኅና ናቸው" አለችን። አቶ ድንቁ ከነእርጥብ ሱሪያቸው ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ። ወይዘሮ አበበች ጋቢ ፈልገው አምጥተው ደረቡላቸው።

ልደታ ተመልሰን ስንሰበሰብ መጀመሪያ የተናገሩት አቶ ድንቁ ነበሩ። "ድልድዩ ይቅደም" አሉ። "ግን የላኩኝ ሰዎች ዘንድ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልግባ?"

ወይዘሮ አበበች ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ድልድዩን ማጥበብ አይቻልም? ለእኛ አንድ መኪና ካሳለፈ ይበቃናል።"

ይቻል ነበር። ንድፉን እንደገና ሠራሁት። ከድልድዩ በተረፈው፣ ጠጠሩን ጎርፍ እንዳይወስደው ለደጋው መንገድ ቦይና ቱቦ ሊሠራለት፣ ዋናው ሥራ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ቅድሚያ ሊያገኝ ተስማሙ። አቶ ታፈሰ ስምምነቱን ይዘው ወደ በላይ አካል ሄዱ። እኛ የባልዲውን ጠብታ እየሰማን ቆየን። ሲመለሱ ገና ከበሩ ላይ፣ "አፀደቁት" አሉ። ያን ቀን የበላሁት ሽሮ ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ቀጣዩ ዓመት ግን አሳሰበኝ። አቶ ታፈሰ ተዛወሩ፤ አዲሱ አለቃ ያለፈውን ስምምነት እንደገና ሊያየው አሰበ። አንድ ጠዋት ወይዘሮ አበበች ከአውቶቡስ ወርደው፣ ያን ሁሉ ደረጃ እያለከለኩ ወጡ።

"ድልድይዎ አልቆ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ጎደለ?" አላቸው አለቃው።

"የእኛስ አልቋል" አሉ። "የአቶ ድንቁን ተራ ላስከብር ነው የመጣሁት።"

የደጋው መንገድ በዚያው ዓመት ተዳመጠ።

ሚኒባሱ ቆይቶ ተንቀሳቀሰ። ለወጣቷ፣ "አይዞሽ፣ ለሁሉም ይደርሳል" ልላት ብዬ ተውኩት፤ እንደሚደርስ አላውቅማ። ግን ሰው ለሌላው ሰፈር ተራ ሲሟገት በዓይኔ አይቻለሁ። እስከ ጡረታዬ ድረስ በጀት በተከፋፈለ ቁጥር ተስፋ ሳልቆርጥ ወንበሬን ስቤ የተቀመጥኩት ይህን ስላየሁ ይመስለኛል።